ቀስ ብለህ ንዳ አለኝ!

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። የመኪናዬን ሙዚቃ የገጠመልኝ ባለሙያ ጋ ነበርኩ፣ ግን ስፒከሬ ውስጥ ያቺ ዊዊዊ የምትል ጩኸት አልጠፋችም። አዎ፣ ራሷ። ነዳጅ ስረግጥ አብራኝ ትጮኻለች፣ ስለቀው ዝቅ ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናዬን አስረክቤ በእግሬ ስኳትን ከርሜ ይዤ የተመለስኩት ቢምቢ ነው።

ችግሩን እኮ ነገርኩት! የአንዱን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ኔጋቲቭ ከወንበሩ ቡሎን ጋር አስሮታል። የባሱን አምፕ ደግሞ ወደ ኋላ ወስዶ፣ ያውም ቀለሙን ሳይፍቅ። ቀለም ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ ምን ሊሠራ? ሁለቱ አምፖች የተለያየ ቦታ ላይ ቦዲ ሲይዙ በመሃላቸው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፣ ከዚያ የዲናሞው ጩኸት ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፑ በሚወስደው በአርሲኤው ገመድ ዞሮ ስፒከር ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩበትም። «ጋሼ፣ ሁለቱንም አንድ ቦታ ብናስራቸውስ?» ነው ያልኩት። ጋሼ ብዬ ነው፣ ልብ በሉልኝ!

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ከስልክ ላይ ያነበብከውን ለስልክህ ንገረው» አለኝ።

ረዳቶቹ ሳቁ። አንደኛውማ በእጁ የያዘው መፍቻ እስኪወድቅ ነው የሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፣ እኔ ምን ሆኜ ነው የሳቅኩት? ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ሰጠው። ዊዊዊዊዊ! «ይኸው!» አልኩ። «እሱማ ስትረግጠው ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎኝ እጁን መጥረግ ጀመረ።

ቀስ ብለህ ንዳ!!!

እሺ ብዬ ወጣሁ። እዚህ መጥቼ ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ ባትሪው ጋ ፊውዝ የለም። የት አለ? ኋላ፣ አምፑ ጋ! ፊውዝ እኮ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ነው የሚገባው። አሁን ያ ሁሉ ገመድ ከፊት እስከ ኋላ ምንጣፍ ስር ያለ ጠባቂ ተኝቷል። አንድ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናው በእሳት ይነድዳል። ያኔ ደግሞ ቀስ ብለህ ንደድ ይለኛል።

ገመዱንም ጫፉን ላጥኩት። ውስጡ ነጭ! መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም፣ እንደ ንጹሕ መዳብ የማያሳልፍ። የባሱ አምፕ ብቻውን 1000 ዋት ነው፣ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ወደ 90 አምፔር ይጎትታል። በዚህ ላይ ሌላኛው አለ። ሁለቱ ከዚህች ክር ይጠጣሉ። ለካ ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቴ የሚጠቅሰኝ ሁለቱ ይህን ሁሉ አምፔር ሲስቡ ነው! ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ከዚህኛው በፊት የሠራልኝ የድሮው ሰውዬ አዲስ ባትሪ ያስገዛኝ። እሱማ ጌይንን፣ ያቺን አምፑን ከቴፑ ጋር የምታስማማ ቁልፍ፣ ድምፅ መጨመሪያ መስሎት እስከ ጥግ አዙሮት ትዊተሮቼን (ቀጭን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ስፒከሮች) የቀበረልኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ስንቱን ልጥራ?

«ለምን ዝም ብለህ በኢርፎን አትሰማም» የምትሉኝ ሰዎች ደግሞ ዛሬ ባትመጡ ደስ ይለኛል።

ለማንኛውም ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። የብርጭቆ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፣ የኋላውን ወንበር ነቅያለሁ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቄዋለሁ። ሁለቱንም እዚያው አንድ ቡሎን ላይ አስራለሁ ብዬ 10 ቁጥር መፍቻዬን ስፈልግ የለም። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ የለም።

ያ ልጅ እየሳቀ የጣለው መፍቻ የኔ ነበር።

ነገ ጠዋት ሄጄ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ልል ነው።