ቤቱስ አምሯል፣ ሰው የታለ?

እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ማይንክራፍት በሚባለው፣ ብሎክ እየደረደሩ በሚሠሩበት ጌም ላይ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ቤት ጨርሼ ስልኬን ሰጠኋት። ፎቅ አለው፣ በረንዳ አለው፣ ከጀርባው ጦሳን እንዲመስል ብዬ የከመርኩት ተራራ አለ። የምትከትፈውን ጎመን ትታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ አየችው። «ቤቱስ አምሯል፣ ሰው የታለ?» አለች። ሰው አልነበረበትም። ያኔ ብቻዬን ነበር የምጫወተው።

ሰሞኑን ይሄ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የሚባለው ትልቅ የኦንላይን ጌም ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2025 መጨረሻ ለተጫዋቾቹ ቤት ማደል ጀመረ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ)። ወደ 50 የሚጠጉ ቤቶች አንድ ሰፈር ይሆናሉ። ዕጣ የለም፣ ወርሃዊ ክፍያህን ብታቋርጥም ቤትህ አይወሰድብህም ብለዋል። ጥሩ ነው፣ እሰየው። እኔ ግን የእናቴን ጥያቄ ነው የምደግመው። ቤት ማደል ቀላሉ ሥራ ነው። ሰፈር የሚመጣው ቤቱ የጎረቤት እጅ ሲፈልግ ይመስለኛል፣ ጌም ሠሪዎች ደግሞ እዚህ ላይ ነው ደጋግመው የሚስቱት።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ይሄው ጌም ራሱ በ2014 ለእያንዳንዱ ተጫዋች የግል ምሽግ ሰጥቶ ነበር። ማዕድኑ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ቅጠላ ቅጠሉ እዚያው፣ አንጥረኛው እዚያው፣ ለሥራ የምትልካቸው ሎሌዎች ሳይቀሩ እዚያው። ምን ሆነ? ሰው ከግቢው አልወጣ አለ። ድሮ እንደ ባቲ ሰኞ ገበያ ሰው የሚጋፋባቸው ከተሞች ጭር አሉ። ሁሉም ነገር ቤቱ ያለለት ሰው የማንን በር ያንኳኳል? እኛ ቤት ጨው ባያልቅ ኖሮ ከጎረቤቶቻችን ጋር በወር ስንቴ እንደምንተያይ እንጃ።

ኡልቲማ ኦንላይን በ1997 ሲወጣ ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ተጫዋቹ ባዶ ቦታ ፈልጎ ቤቱን ሁሉም የሚያልፍበት ሜዳ ላይ ይተክላል። መሬቱ ወዲያው አለቀ። ጌም ውስጥ ያለ ቤት በእውነተኛ ዶላር ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ እስከመሸጥ ደረሰ። ባለቤቱ የጠፋ ቤት ደግሞ እያረጀ ይሄዳል፣ ደጁ ላይ ያለው ምልክትም ምን ያህል እንዳረጀ ይናገራል። ሊወድቅ የደረሰ ቤት ሲገኝ ሰው ይሰበሰባል። ሊያቆመው እንዳይመስላችሁ። ሲወድቅ ውስጡ ያለው ዕቃ ሜዳ ላይ ስለሚበተን ሊቀራመት ነው። እኛ ዘንድ ቤቱ ያዘመመበት ሰው ጅጌ ይጠራል፣ ሰው ማገር ተሸክሞ ይመጣል። እዚያ ግን ሰው ባዶ ከረጢት ይዞ ነው የሚመጣው። በጌሙ ሰዎች አልፈርድም፤ ሕጉ ከመቀራመት በቀር ሌላ የሚሠሩት ነገር አልሰጣቸውም።

እኔ የምቀናበት ስታር ዋርስ ጋላክሲስ ነው። በ2003 ወጥቶ በ2011 መጨረሻ ተዘጋ፣ አልደረስኩበትም። ተጫዋቾች ቤታቸውን አጠጋግተው ሠርተው ከተማ ይመሠርታሉ፣ ከንቲባም በድምፅ ይመርጣሉ። ከተማው ደረጃው ከፍ የሚለው በነዋሪ ብዛት ስለሆነ ከንቲባው ሰው ሲለምን ነው የሚውለው። ደግሞ ሲዋጋ የቆየ ሰው የውጊያ ድካሙ የሚወጣለት መጠጥ ቤት ገብቶ ሙዚቀኛ ሲሰማ ወይም ተወዛዋዥ ሲያይ ነበር። ሙዚቀኛውም ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት አይደለም፣ ሙያዬ ብሎ የያዘው ሌላ ተጫዋች ነው። ባቲና አምባሰል ለቅኝት ስም በሰጡበት አገር ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም መሰለኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ አንድ ሰፈር 60 ቦታ አለው፣ ከዚያ አያልፍም። ፈላጊው ግን የትየለሌ ነው። ከ2022 ጀምሮ በዕጣ ሆነ። ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ዘመድ ያለው ሁሉ ስሜቱ ይገባዋል። ደረሰህ እንበል። ገዛህ፣ ምንጣፍ አነጠፍክ፣ ግድግዳ ቀባህ። ከዚያ 45 ቀን ካልገባህበት ይፈርሳል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ቦታው ጥቂት ነው፣ የማይጫወት ሰው ቆልፎት ይሂድ አይባልም። ኩባንያውም ልበ ደንዳና አይደለም፣ በ2025 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በእሳት ስትነድ ቆጠራውን አቁሞ ነበር። ደግ አደረጉ። ግን በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሐምሌ መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ 45 ቀን አለፈ፣ ሌላ 45 ቀንም አለፈ፣ ከዚያ መቁጠሩንም ተውነው። ደሴ ያለ ልጅ «እሳት ላይ ነኝና ቤቴን አታፍርሱብኝ» ብሎ ለማን ያመልክት? የሚያመለክትበት ኢንተርኔት እኮ ነው የጠፋው።

እኔ በእርግጥ እዚያ ጌም ላይ ቤት የለኝም፣ ወርሃዊ ክፍያውን ከየት አባቴ አምጥቼ። የኔ ቤት ማይንክራፍት ላይ ነው ያለው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ውስጥ የተዋወቅን ልጆች፣ አንዱ ጓደኛችን ውጭ ሆኖ በሚከፍልበት ሰርቨር (ሁላችንም በኢንተርኔት የምንገባበት የጋራ ዓለም) ላይ ተሰባሰብን። አሥራ አንድ ነን፤ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ። አንዷ የኮምቦልቻ ልጅ ሆና ሪያድ ነው ያለችው። ቀን የሰው ቤት ስትሠራ ትውላለች፣ ማታ የራሷን ትሠራለች። በሯ ላይ መደብ ሠርታ፣ የአበባ ማስቀመጫዎች ደርድራ «ጀበና ነው» ትለናለች። ማንም አይከራከራትም፣ ቅርጹም ብዙ አይርቅም። ማታ ገና ስንገባ «ቡና ደርሷል» ብላ ትጽፋለች። ከየቤታችን ወጥተን መደቡ ጋ ሄደን እንገተራለን (መቀመጥ ጌሙ አይፈቅድም)። ስለ ሰው፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ኳስ እናወራለን። አንድ ጊዜ በረካው ላይ ስንደርስ ዞምቢ መጥቶ በትኖናል።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ቀን ስገባ ቤቴ ቆሟል። ግን ግድግዳው መሃል ላይ፣ ጥቁሩ እንጨት ውስጥ፣ አራት በአራት የሆነ ነጭ እንጨት ገብቶበታል። አጠገቡ ሰሌዳ ተሰክቷል። ፊደሉ የእንግሊዝ፣ ቋንቋው የወሎ፦ «አብሽር፣ ክሪፐር አፍርሶት ነበር፣ ደፍኜዋለሁ። እንጨቱ ቢለያይም አትቀየመኝ።»

ክሪፐር ማለት ያ አረንጓዴው፣ ሰው ሲያይ ተጠግቶ የሚፈነዳው ፍጥረት ነው። ሰው አጠገቡ ከሌለ አይፈነዳም። ስለዚህ ቤቴ ጋ ሲፈነዳ እሷም እዚያው ነበረች ማለት ነው። እኔ ደሴ ኔትወርክ አጥቼ ስቀመጥ እሷ ከሪያድ ቤቴ በር ላይ ምን ትሠራ ነበር? ጠየቅኋት። «የሁላችሁንም እየዞርኩ ችቦ ሳደርግ ነው» አለች። ጨለማ ካለ ጭራቅ ይፈለፈላል፣ ችቦ ያለበት ቦታ ግን አይፈለፈልም። አሥር ሰው በጠፋበት ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ ብቻዋን እየዞረች መብራት ትተክል ነበር። ማንም አላዘዛትም፣ ጌሙም ለዚህ አንድ ነጥብ አይሰጥም።

ወሎ ውስጥ ቅሬ የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ቀብር የሚያስፈጽመው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቆመው ማኅበር ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ሕጉ ጥብቅ ነው። ግን ስም ሲጠራ ጎረቤቱ ብድግ ብሎ «መንገድ ሄዷል» ካለለት ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ «የለሁም» ይበል የሚል ዳኛ አይቼ አላውቅም።

ፋይናል ፋንታሲ ግን ልክ እንደዚያ ነው የሚለው። የቡድን ቤት ከሆነ ከአባላቱ አንዱ ሲገባ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ይሄ ደግ ነው። የግል ቤት ሲሆን ባለቤቱ ራሱ በሩን ካልረገጠ አይሆንም። ለምን? ሦስት ጎረቤቶች መጥተው «መንገድ ሄዷል» ቢሉ ቆጠራው ለጥቂት ወር ቢቆም ማን ይጎዳል? ይዋሻሉ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይዋሻሉ። ቅሬ ላይም የሚዋሽ አለ። በዓመት አንዴ ብቻ ተብሎ ይገደብ፣ ሁለተኛ የዋሸውን ሰፈሩ ራሱ ያውቀዋል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ቀን 60 ቤት ያለው ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ስም ማወቅ ይጀምራል፣ ነገ እሱም ምስክር ይፈልጋላ።

የዎርክራፍቶቹ አዲስ ሰፈር ነዋሪው አብሮ የሚሠራው የጋራ ሥራ አለው፣ ይሄ ደስ ብሎኛል። ቤት አለማፍረሳቸውም ልክ ነው። የምፈራው ጎረቤት ምንም የማያስፈልገው ቤት እንዳይሆን ነው፤ እንደ 2014ቱ ምሽግ። ግድግዳው የማይሰነጠቅ ከሆነ ማን ሊደፍንልኝ ይመጣል?

ነጩን እንጨት አልቀየርኩትም። ባለፈው ለእናቴ አሳየኋት። ጠጋ አድርጋ አየችና «ይሄ እራፊ ምንድን ነው?» አለች። ሪያድ ያለች ጎረቤቴ የደፈነችው ነው አልኳት፣ ታሪኩንም ነገርኳት። ስልኩን አልመለሰችልኝም። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣

«የኮምቦልቻ ልጅ ናት ያልከኝ? የማን ልጅ ናት?» አለች።