በፍርግርግ በኩል የተነሳ አንበሳም አንበሳ ነው

ሰሞኑን የአንድ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር አዘጋጆች ያወጡት ደንብ በዚህ ከተማ ካሜራ አንግቶ የሚዞረውን ወጣት ከበር መልሶታል። በእንስሳት ማቆያ፣ በአጥር ግቢ ወይም በዓሣ ገንዳ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ለውድድር አይቀርብም ይላል። ምክንያቱን የተጠየቁት አንድ ዳኛ አራት ኪሎ በተደረገው የማብራሪያ ስብሰባ ላይ የሰጡት መልስ ደግሞ ከደንቡ የባሰ ነው። የታጠረን እንስሳ ማንም በስልኩ ያነሳዋል፣ ችሎታ አይጠይቅም፣ ለሳይንስም ለታሪክም አይጠቅምም አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

እስቲ በስልኩ እንጀምር። ዳኛው ራሳቸው ሽቦ ፊት ቆመው ስልካቸውን ቢደግኑ አጥርቶ የሚያወጣላቸው ሽቦውን ነው፤ አንበሳው ከኋላ ደብዝዞ ይቀራል። ሽቦው ከፎቶው እንዲጠፋ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ወለል ብሎ መከፈት፣ ሌንሱም ሽቦውን ሊነካ እስኪደርስ መጠጋት አለበት። ፀሐይ ያላረፈበት ሽቦ መፈለግ አለ። ከሁሉ በላይ እንስሳው ከአጥሩ እስኪርቅ መጠበቅ አለ፤ አንበሳ ደግሞ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። መስታወት ሲሆን ነጸብራቁ፣ የጎብኚዎች የጣት አሻራ፣ የራስ ሸሚዝ ነጭነት ሁሉ ፎቶው ውስጥ ይገባል። በዓሣ ገንዳ ፊት ብርሃኑ ደካማና ሰማያዊ ነው፣ ፍላሽ ዓሣውን ያስደነግጣል፣ በሰያፍ ከተነሳ ወፍራሙ መስታወት መልኩን ያጣምመዋል። ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘን ፎቶ ችሎታ የለውም የሚል ሰው ሞክሮት አያውቅም።

ለታሪክ አይጠቅምም የተባለው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከፊት የሜዳ አህያ፣ ከኋላ ፈረስ የምትመስለው የደቡብ አፍሪካዋ ኩዋጋ ፈጽማ ጠፍታለች፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1883 አምስተርዳም በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ሞተች። በሕይወት ሳለች ፎቶ የተነሳች ኩዋጋ አንዲት ብቻ ናት። የተነሳችውም ለንደን፣ ማቆያ ውስጥ ነው። የታዝማኒያ ነብር የሚባለው የአውስትራሊያው ታይላሲንም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው መሆኑ የሚታወቀው እንስሳ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1936 በሆባርት ማቆያ ሞተ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የእንስሳት ተመራማሪው ዴቪድ ፍሌይ እዚያው አጥር ውስጥ ገብቶ አንድ ታይላሲን ሲቀርጽ እንስሳው ከኋላ ነክሶታል። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ያ ፍጡር እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ አፉን ምን ያህል ይከፍት እንደነበር የሚያየው በዚያች አጭር ፊልም ነው። የእኛ ዳኛ በዚያ ዘመን ቢኖሩ ኖሮ ሁለቱንም ከውድድር ባስወጧቸው ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ከግቢው 15 አንበሶች፣ ማለትም ከስምንት ወንዶችና ከሰባት ሴቶች ናሙና ወስዶ ካነጻጸራቸው የዱር አንበሶች ሁሉ የተለዩ ሆነው አገኛቸው። የወንዶቹ ጥቁር ጎፈር ከራስና ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ላይ ይወርዳል። ዓለም ስለ እነዚህ አንበሶች ያወቀው አጥር ውስጥ ስለነበሩ ነው። ታዲያ የትውልዳቸው የፎቶ መዝገብ የት አለ? አባት ከልጅ፣ ልጅ ከልጅ ልጅ ተለይቶ የሚታይበት፣ ዓመትና ስም የተጻፈበት ስብስብ እስካሁን አላየሁም። አንበሳውን በብሔራዊ ቴአትር ፊት በድንጋይ አቁመነዋል፣ ለገሀር አቁመነዋል፣ በሳንቲም ላይ ቀርጸነዋል፤ ሕያዉን ግን በወጉ አልመዘገብነውም።

መመዝገብ እንደሚቻል የሚያሳየው ደግሞ የአንበሳው ፊት ነው። በአፍንጫው ግራና ቀኝ ጢሞቹ የበቀሉባቸው ጥቁር ነጠብጣቦች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል። ከላይኛው ሙሉ መስመር በላይ ጥቂት ነጠብጣቦች ተነጥለው ይቀመጣሉ። ቁጥራቸውና ቦታቸው ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል፣ የግራው ከቀኙ አይመሳሰልም፣ እንስሳው ሲያረጅም ቦታቸው አይለወጥም። የሰሬንጌቲ ተመራማሪዎች አንዱን አንበሳ ከሌላው የሚለዩት በዚህ ነው። እነሱ በመኪና ሲያሳድዱት የሚውሉትን የጢም ሥር የአዲስ አበባ ልጅ ከሽቦ ማዶ በጥቂት እርምጃ ርቀት ያገኘዋል።

ከዚህም በላይ የሚያስቆጨኝ አልበሞቻችን ናቸው። በዚህ ከተማ አሮጌ አልበም ባለበት ቤት ሁሉ አንበሳ ግቢ የተነሳ ፎቶ የማይጠፋ ይመስለኛል። የበዓል ልብስ የለበሰ ልጅ፣ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ከትከሻቸው በላይ ከፍርግርጉ ኋላ ደግሞ አንበሳው። ቤተሰቡ ፎቶውን ሲያይ የሚያየው ልጁን ነው፤ ግን ያ አንበሳም አለ፣ ጎፈሩ የት ድረስ እንደወረደ ይታያል፣ ከፎቶው ጀርባ ብዙ ጊዜ ቀን ተጽፏል። እነዚህ ፎቶዎች ቢሰበሰቡና በዓመት ቢደረደሩ ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ብርቅ የአንበሳ ዘር ታሪክ ይወጣቸዋል። የተነሱት በጥበብ አይደለም፣ የተነሱትም አጥር ፊት ነው፤ ዋጋቸው ግን ማንም ሜዳ ላይ አሳዶ ከሚያመጣው ፎቶ አያንስም። አያቶች እየሞቱ፣ ቤቶች እየፈረሱ፣ አልበሞቹ ከዕቃ ጋር እየተጣሉ ባሉበት በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ፎቶ ዋጋ የለውም ብሎ በአደባባይ መናገር ጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ግቢው ቦታና ገንዘብ አጥሮት የአንበሳ ግልገሎችን በመርዝ ይገድል እንደነበር ዓለም አቀፍ የዜና አውታሮች ዘግበው ነበር። የእነዚያ ግልገሎች ፊት የት አለ? በዚያው ዓመት ጆኤል ሳርቶሬ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰው እጅ የሚገኙ የእንስሳት ዝርያዎችን ሁሉ አንድ በአንድ ለማንሳት ፎቶ አርክ የተባለውን ሥራ ጀመረ። እስካሁን ከ15,000 በላይ ዝርያዎችን አንስቷል፤ ያነሳቸውም በማቆያዎች፣ በዓሣ ገንዳዎችና በእንስሳት መጠለያዎች ነው። የመጀመሪያው ማን ነበር? በኔብራስካ አንድ የልጆች መካነ እንስሳት ውስጥ የነበረ ፀጉር አልባ ፍልፈል። የዚህ ፍልፈል አገሩ የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። አሜሪካዊው የእኛን ፍልፈል በነጭ መክተፊያ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ለዓለም ሲያሳይ እኛ ውድድር አይገባም እንላለን።

ስለ ዓሣ የሚያስብም ያለ አይመስልም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ባርባስ የተባለው ዓሣ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ፤ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ተወልዶ የተለያየ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ በዓለም ላይ ሳይበተን የቀረው እዚያ ብቻ ነው። የሐይቁ ውኃ ግን ደፍራሳ ነው። ከውኃ የወጣ ዓሣ ቀለሙ ወዲያው ይለወጣል፣ አልኮል ውስጥ የተቀመጠማ ጨርሶ ይነጣል። መልኩን በሕይወት ሳለ ማሳየት የሚቻለው ንጹሕ ውኃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አስገብቶ በማንሳት ነው። በአዲሱ ደንብ ይህም የተከለከለ ነው!

ሰነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮን፣ ባሌ ላይ የደጋ አጋዘንን የሚያነሱ ሰዎች ድካም ይከበራል። ሁለቱም በየትኛውም የዓለም መካነ እንስሳት ስለማይገኙ ተራራ መውጣት ግድ ነው። ነገር ግን ለዚያ መኪና፣ ነዳጅ፣ አስጎብኚ፣ ብዙዎች በዓመት ደሞዛቸው የማይገዙት ሌንስ ያስፈልጋል። ያገለገለ ካሜራ ተበድሮ በእሑድ ከፒያሳ በእግሩ ወደ አንድነት ፓርክ የሚወርድ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ደንቡ ችሎታን ለየሁ ይላል፤ የለየው ኪስን ነው።

ማጭበርበር ይኖራል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ስፔናዊ የለመደ ተኩላን የዱር አስመስሎ አቅርቧል ተብሎ ታላቅ የዓለም አቀፍ ውድድር ሽልማት ተነጥቋል። የተነጠቀው ግን ውድድሩ የሚከለክለውን፣ ለፎቶ የሚከራይ የለመደ እንስሳ ተጠቅሟል በሚል ነው። አጥሩ እንስሳውን ያሠቃያል የሚሉም አሉ፤ እንግዲያው የዛገውን ፍርግርግ፣ የጠበበውን ግቢ፣ የከሳውን ጎን ማን አንስቶ ያሳይ? ካሜራው ሲባረር ደስ የሚለው የጎስቋላ ግቢ ኃላፊ እንጂ እንስሳው አይደለም።

አዘጋጆቹ የፎቶ መቀበያውን ቀን ገና አልዘጉም። ያቺን አንቀጽ ያውጧት። በምትኩ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እንስሳው በዱር ይሁን በማቆያ፣ የትኛው ማቆያ እንደሆነና በስንት ቀን እንደተነሳ ከፎቶው ሥር እንዲጽፍ ያስገድዱ፤ የሚዋሽ ከተገኘ ያባርሩት። ለማቆያ እንስሳትም ራሱን የቻለ ምድብ ይክፈቱ። ከበር የተመለሱትንም ወጣቶች ጠርተው ፎቶዎቻቸውን ይቀበሏቸው።