መሳቢያ የከፈተ ገጣሚ

ገጣሚ ባለበት ቤት ዕቃ አይጣልም። የቆመ የእጅ ሰዓት፣ በሩ የማይታወቅ መክፈቻ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ የባቡር ቲኬት፣ ጓደኛው የጠፋበት ካልሲ፣ ሁሉም «ተዉት፣ እጽፍበታለሁ» እየተባለ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ቤት የሚያጸዳው ሰው «ቆሻሻ ነው» ሲል ገጣሚው «ትዝታ ነው» ይላል። ክርክሩን የሚረታው ሁልጊዜ ገጣሚው ነው፤ ቆሻሻ ይጠረጋል እንጂ ትዝታ ሲጠረግ ታይቶ አይታወቅም።

በዕቃ ላይ ግጥም መጻፉን አልቃወምም። ቅሬታዬ ዕቃው ግጥሙ ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

የሸሚዝ ቁልፍ እንውሰድ። ገጣሚያችን ከአልጋ ሥር ያገኘዋል። በመጀመሪያው ስንኝ «ቁልፍ ሆይ!» ብሎ ይጠራዋል። በሁለተኛው ስንኝ ቁልፉ ልብ ይሆናል። በሦስተኛው ልቡ ይሰበራል። በአራተኛው ጥላው የሄደች ሴት ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ያየው የለም። እርሷ ከመጣች ማን ስለ ቁልፍ ይጠይቃል?

እስቲ እኛ እንየው። አራት ቀዳዳ አለው። በሁለቱ ውስጥ የተበጠሰ ጥቁር ክር ቀርቷል፤ ሸሚዙ ግን ነጭ ነው። እንግዲያው ቁልፉ ከዚህ በፊትም ወድቆ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ሰው እጁ የገባውን ክር አንሥቶ፣ ምናልባትም በር ላይ እየተጠበቀ፣ በችኮላ ሰፍቶታል። ክሩ ጫፉ ላይ ተላልጧል፤ መቀስ ያጣ ሰው በጥርሱ የበጠሰው ይመስላል። ያች ጥላው የሄደች ሴት የግድ መምጣት ካለባት በዚህ ክር በኩል ብትመጣ ማን ይከለክላታል?

አሜሪካዊው ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ አንድ ቀይ የእጅ ጋሪ ስምንት መስመር ጽፏል። ጋሪውን ዝናብ አርሶታል፤ አጠገቡ ነጭ ዶሮዎች አሉ፤ አለቀ። ጋሪው እስከ መጨረሻው ጋሪ ነው፤ የማንንም የተሰበረ ልብ አልተጫነም። (እርግጥ ነው፣ ከእርሱ ወዲህ ስምንት መስመር ጽፎ የደከመው ሁሉ «አሳጥሬው ነው» ይላል።) ቺሊያዊው ፓብሎ ኔሩዳ ደግሞ በስጦታ ያገኘውን የሱፍ ካልሲ ሲያወድስ፣ አስቀምጦ የማኖር ፈተና እንደ ገጠመው ይነግረናል። ፈተናውን አልፎ እግሩን አስገባበት። የእኛ ሰው ቢሆን ካልሲው ዛሬም መሳቢያ ውስጥ፣ ከቆመው ሰዓት ጎን ነው፤ የገጣሚው እግር ግን ይበርደዋል።

ከሟች የተወረሰ ዕቃ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ማንም አስተያየት ለመስጠት አይደፍርም። የአያታቸውን መነጽር ያገኙ ገጣሚዎች ሁሉ «በዓይንህ ዓለምን አየሁ» ብለው ይጽፋሉ። በሰው መነጽር የሚታየው ብዥታ መሆኑን፣ ቀጥሎም ራስ ምታት መሆኑን የጻፈ እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዥታው ግን ከእንባው የተሻለ ግጥም ይወጣው ነበር ባይ ነኝ።

መንገድ ላይ ያገኙትን የሚያነሡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የተገኘ ዕቃ ሁሉ የጠፋበት ሰው አለው። አንድ ወዳጄ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ እጅ ጓንት አግኝቶ «ባዶ መዳፍ» የሚል ረጅም ግጥም ጻፈበት። በግጥም ምሽት ጓንቱን ከፍ አድርጎ ይዞ አነበበው። ስለ ስደት፣ ስለ ክህደት፣ ስለ ዘመኑ ክፋት ብዙ ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ግን አላጨበጨቡም፤ ተነሥተው ወደ መድረኩ መጡና ሌላውን እጅ ጓንት ከቦርሳቸው አወጡ።

ወዳጄ ደነገጠ፤ ግን ገጣሚ ነውና «እናቴ፣ አንድ ሳምንት ይታገሱኝ፤ ሁለተኛው ክፍል ገና አላለቀም» አላቸው።

«ልጄ፣» አሉት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ከፍ አድርገህ ባትይዘው ኖሮ ከግጥሙማ ጓንት መሆኑንም አላውቅም ነበር። በል አምጣ፣ ውጭው ብርድ ነው።»