ጥይት ፋብሪካ ውስጥ የሚሳል ካርቱን

ፈረንሳይ ያለ ሐበሻ ስለ አኒሜሽን ወሬ ከተነሳ የሚጠራው ፓሪስን ነው። አይፈረድበትም። ልጆቻችን የሚያብዱላቸው ቢጫዎቹ ሚኒየኖች ሆሊውድ የተወለዱ ይምሰሉ እንጂ የተሠሩት ፓሪስ ነው። ማክ ጋፍ የሚባለውን የከተማዋን ስቱዲዮ የአኒሜሽን ክፍል የአሜሪካው ኢሉሚኔሽን በ2011 ገዝቶ ጠቀለለው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለአዲስ አበባ ሠዓሊ ግን ከፓሪስ ይልቅ ቫላንስን ማየት ይበጃል። ከሊዮን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዳ ሮን ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ለእረፍት ወደ ባሕር ሲወርዱ በመኪና የሚያልፏት ከተማ ናት።

ፎሊማዥ የተባለው ስቱዲዮ እዚያ የተከፈተው በ1981 ነው። መሥራቹ ዣክ-ሬሚ ዢሬር እጁን ያፍታታው በፕላስቲሲን፣ ልጆች በሚጫወቱበት ባለቀለም ጭቃ ነው። ጭቃ ርካሽ ይመስላል፤ ጊዜ ግን ይበላል። ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ፎቶ፣ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን አቋቋም ሁለት ሁለት ጊዜ ማንሳት ሥራውን ወደ 12 ያወርደዋል። በእነዚያ 12 መሃል የሚበላሸው ብዙ ነው። መብራቱ ሲግል ጭቃው ይለሰልስና አሻንጉሊቱ ይጎብጣል። ቀይ የነካ ጣት ነጩን ሮዝ ያደርገዋል፤ ከቀለም ወደ ቀለም በተሻገሩ ቁጥር እጅ መታጠብ ነው። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ፊልሙን ብልጭ ድርግም ያሰኘዋል፤ ስለዚህ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። ጠረጴዛውን በክርኑ የገፋ ሰው ትዕይንቱን ከሀ ይጀምራል። እኛ ጋ በዚህ ሁሉ ላይ የኤሌክትሪክ ጣጣ ይጨመራል፦ መብራት ባይጠፋ እንኳ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል የአምፖሉ ብርሃን ይለዋወጣል። በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ መብራት ይህን ይፈታል።

ዢሬር የስቱዲዮውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ «የእንቁራሪቶቹ ትንቢት»ን፣ ሲኒማ ቤት ያስገባው በ2003 ነው። ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ 22 ዓመት። እስከዚያ ድረስ ቤቱ የኖረው በአጫጭር ፊልምና በቴሌቪዥን ሥራ ነው። በእነዚያ ዓመታት ካዳበራቸው ልማዶች አንዱ፣ በእኔ ግምት፣ ከፊልሞቹም ይበልጣል። ከውጭ ሠዓሊ ይጋብዛል፤ እንግዳው አንድ ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ስቱዲዮው ጠረጴዛውን፣ ረዳቶቹንና መሣሪያውን ያቀርብለታል። ሆላንዳዊው ሚካኤል ዱዶክ ደ ዊት በ1994 «መነኩሴውና ዓሣው»ን የሠራው በዚህ መንገድ ነው። 6 ደቂቃ ብቻ የሆነችው ፊልም ለኦስካር ታጨች። 6 ደቂቃ 360 ሰከንድ ነው፤ በ12 ሲባዛ 4,320 ሥዕል። መነኩሴው ለብቻው፣ ዓሣው ለብቻው ወረቀት ከተሳለ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ይኸው ሰው ከጃፓኑ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከጂብሊ ጋር የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ያወጣው በ2016 ነው። እሱም 22 ዓመት መሆኑ ይገርማል። እኛ ዘንድ ወጣቱ ገና በመጀመሪያ ሥራው ተከታታይ ፊልም እንዲያወጣ ይጠበቅበታል።

በ1999 «ላ ፑድሪዬር» የሚባል ትምህርት ቤት ከስቱዲዮው ተወለደ፤ ሲተረጎም ባሩድ ቤት ማለት ነው። በ2009 ደግሞ ስቱዲዮው ራሱ ከቫላንስ ጋር ተያይዛ ባለችው ቡር-ሌ-ቫላንስ ወደሚገኝ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥይት ፋብሪካ ገባ። ባሩድ ቤት በዓመት የሚቀበለው ተማሪ ወደ አሥር ገደማ ነው፤ የሚያስተምረውም ፊልም ማዘጋጀትን እንጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጫንን አይደለም። ፕሮግራሙንማ ማንም ከዩቲዩብ ይማረዋል።

አገር ቤት «መንግሥታቸው ብር ይሰጣቸዋል» ሲባል ይሰማል። ነገሩ እንዲያ ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ የሲኒማ ቲኬት 10.72 በመቶ ተቆርጦ በ1946 ለተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባል። በ10 ዩሮ የአሜሪካ ፊልም ያየ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ 1 ዩሮ ከ7 ሳንቲም ለሚቀጥለው የአገር ውስጥ ሥራ አዋጥቷል ማለት ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ከገቢያቸው ከፊሉን እዚያው ምርት ላይ እንዲያውሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሠዓሊው ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት መሥራቱን ካሳየ፣ በፊልምና በፊልም መካከል ሥራ ሲፈታ ክፍያ ያገኛል። ትልቁ ልዩነት ይህ የመጨረሻው ነው። እኛ ጋ አንድ ሥራ ሲያልቅ ሠዓሊው ወደ ማስታወቂያ ወይም ወደ ሠርግ ቪዲዮ ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት የሠለጠነ እጅ ይበተናል፤ ቀጣዩም ሥራ ሰው ከመፈለግ ይጀምራል።

አገር ቤትም አቋራጭ ያገኙ አልጠፉም። የልጆች ዝግጅቱ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በካልሲ አሻንጉሊት መጀመሩ ብልሃት ነበር። አሻንጉሊቱ እጅ ገብቶበት ስለሚንቀሳቀስ በየሰከንዱ 12 ጊዜ ቆም እያሉ ማንሳት የለም። ተከታታይ ካርቱኑ «ጥበብ ገርልስ» በሥዕል የመጣው ከዚያው ስቱዲዮ ነው፣ ቆይቶ።

አምስት ሳንቲም ሳያወጡ ከፈረንሳዮቹ የሚቀዳው ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ጽሑፍ፣ ትዕይንቶቹ በተከታታይ ሥዕል የሚነደፉበት ስቶሪቦርድ፣ ድምፅ፣ ከዚያ ሥዕሎቹ በድምፁ ልክ የሚደረደሩበት አኒማቲክ፤ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አገር ቤት ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ይስልና በኋላ ድምፅ ይለጥፍበታል። በአማርኛ ይህ ወዲያው ያጋልጣል፤ ቋንቋው ይጠብቃል፣ ይላላል። «ስማ» ሲባል «ማ» ላልቶ ስለሚነገር ከንፈር ለሁለት ፍሬም ያህል ቢዘጋ ይበቃል። «ሰማ» ላይ ግን ይጠብቃል፤ ወደ አራት ፍሬም ካልተዘጋ ገጸ ባሕርዩ ሌላ ቃል የሚናገር ይመስላል። ከኢንተርኔት የሚወርደው የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥም ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። «ቋ» እና «ጓ» አፍ ሞጥሞጥ ብሎ ወዲያው እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ ሁለት ቅርጽ ማለት ነው፤ በአንድ ቅርጽ ከተሳሉ «ቃ» እና «ጋ» ሆነው ይቀራሉ።

የ3 ደቂቃ ፊልም 2,160 ሥዕል ነው። አንድ ሰው በቀን 30 ንጹሕ ሥዕል ቢያወጣ ቀለሙ ሳይቆጠር 72 የሥራ ቀን ይወስድበታል። ድምፁ ኋላ ተቀርጾ አፉ አልገጥም ካለ፣ ንግግር ያለበት ሁሉ እንደገና ይሳላል። አስቀድሞ ለመቅረጽ ደግሞ ደህና ስልክ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን፣ በሩ ላይ የሚሰቀል ጋቢ ይበቃል።