ባሕር ዳር በግማሽ ቀን አታልቅም

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ቪዲዮ በየስልካችን ሲዞር ከረመ። አንድ ወጣት ጣና ዳር ቆሞ ይናገራል። «ባሕር ዳር የግማሽ ቀን ከተማ ነች። ሁለት ገዳም፣ አንድ ፏፏቴ፣ አንድ ዓሣ ጥብስ፣ አለቀ። ፏፏቴውም ደርቋል» አለን። ይበል፣ እንግዳ ነው። እኔን ያበገነኝ የከተማው ልጆች «እውነቱን ነው» እያሉ መቀባበላቸው ነው። ያውም መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት፣ ከተማው እንግዳ በናፈቀው በዚህ ሰዓት!

ከፏፏቴው ልጀምር። ወንድማችን የሄደው በመጋቢት ነው። ራሱ ተናግሯል። በመጋቢት ጢስ ዓባይ ሞልቶ እንዲጠብቀው የሚፈልግ ሰው በግንቦትም አደይ አበባ ይፈልጋል። አዎ፣ የኃይል ማመንጫዎቹ ፏፏቴውን ጎድተውታል። ጣና በለስም በ2002 ሥራ ሲጀምር ከሐይቁ ድርሻውን ወስዷል። ይህን አልክድም። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ እዚያ የቆመ ሰው «ደርቋል» የምትለው ቃል ከአፉ አትወጣም።

ደግሞስ ወደ ፏፏቴው ሲሄድ የተሻገረውን ድልድይ ምነው አላሳየንም? በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ገበሬው ዛሬም አህያውን እየነዳ ይሻገርበታል። ወንድማችን ካሜራውን አጥፍቶ አለፈው።

የባሰው ግን የጣና ልሳነ ምድር በሆነችው ዘጌ ላይ ነው። በጀልባ ሄደ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባ፣ ሥዕሉን በስልኩ ጠራርጎ ወጣ። ጀልባው እየጠበቀው ነዋ! ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሄደበትን ጫካ ግን መንገድ ብቻ አደረገው። ጎጃምን ዙሩት፣ ጎንደርን ዙሩት። የሀገር ዛፍ የቀረው አብዛኛውን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከአጥሩ ውጭ ወይ እርሻ ነው ወይ ባሕር ዛፍ። ዘጌ ግን መንደሩም ጫካ ነው። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ጌሾው አጠገቡ። ለምን ቢባል፣ ዘጌ አይታረስም። በሬ ጠምዶ መሬት የሚገለብጥ የለም። በዘጌ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ አባቶች። ስንት ዘመን ሙሉ አንድ ሕዝብ «አናርስም» ብሎ ኖሮ፣ በዚያ ምክንያት ጫካ ሲተርፍ፣ ከዚህ በላይ ምን መስህብ አለ? ችግኝ ተከላ ላይ ስንት ስብሰባ እንቀመጣለን። ዘጌ ሄዶ አንድ ቀን ከቡና ለቃሚ ጋር የሚውል ግን የለም። ለዚያ ግማሽ ቀን አይበቃማ!

ታንኳስ? ማልዶ መነሳት የማይከብደው ሰው ጎህ ሲቀድ ጣና ዳር ይውረድ። ከደንገል የታሰረች ታንኳ እንጨት ተቆልሎባት ትመጣለች። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ፣ ረጅሙን ዘንግ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያጠለቀ። ታንኳዋ ውኃው ውስጥ ከመስጠሟ የተነሳ ሰውየው ሐይቁ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። እንጨቱን ሲያራግፍ ታንኳዋን አንስቶ ያቆማታል፣ እንድትደርቅ። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ብትደርቅም ብዙ አትቆይም፣ ሌላ ይታሰራል። ይህን ሙያ አጥርተው የሚያውቁት ነገደ ወይጦ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ይኖራሉ። የኛ ከተማ ግን የታንኳዋን ሥዕል ቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጣል እንጂ አሳሪውን «ና፣ ለእንግዳ አሳይ፣ ዋጋህን ውሰድ» አይለውም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የወንድማችን ብቻ አይደለም። ሐይቁን በአጥር ከልለን፣ ውኃውን ለማየት ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ያደረግነው እኛው ነን። አስጎብኚውም ያንኑ ሁለት ገዳምና ያንኑ ፏፏቴ ይሸጣል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዓባይ ከከተማው ሲርቅ ቁልቁል ያየ የባሕር ዳር ልጅ ስንት ነው? እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው የወጣሁት። ያውም እንግዳ ጎትቶኝ።

ወንድማችን እንደገና ለመምጣት ካሰበ ነሐሴን ይምረጥ። ካሜራውን ግን ላስቲክ ያልብሰው። «ደርቋል» ያለው ፏፏቴ ገና ከሩቁ ያረጥበዋል።