የልጄን ስኳር ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ የማይጠማው ልጅ የለም። የአምስት ዓመቷ ልጄ ውኃ ውኃ ስትል ማናችንም ልብ ያላልነው ለዚህ ነው። «ሙቀቱ ነው» አልን። ሌሊት ፍራሽ ማርጠብ ስትጀምር «ውኃ አብዝታ ነው» አልን። ቀሚሷ ሲሰፋት ደግሞ «እየረዘመች ነው» አልን። ለሁሉም መልስ ነበረን።

ማስመለስ ስትጀምር ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። በማግስቱ አተነፋፈሷ ተለወጠ። ተኝታ ሳለ ሩጫ ላይ ያለች ይመስል ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አፏ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ነርስ ከሁሉ በፊት ጣቷን ወጋ አድርጋ የደም ጠብታ ወሰደች። መለኪያው ቁጥር እንኳ አላወጣም። ስኳሩ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው ተባልን።

ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ከረሜላ አብዝተንባት ይሆን?» ብላ ነው። ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «አይደለም» አላት። «የሰውነቷ መከላከያ በስህተት የራሷን ቆሽት ነው ያጠቃው። የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎች ናቸው የተጎዱት። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም።» ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ለራሷ ስትደግማት እሰማለሁ።

ያን ሌሊት ሆስፒታሉ ወንበር ላይ ሆኜ በስልኬ ሳነብ አደርኩ። ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በሰው ላይ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ይህን ያህል ከኖረ የእኔ ልጅ ታረጃለች አልኩ። ያን ሌሊት የተሻገርኩት በዚህ ነው።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘጋችና «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለች። «ሴት ልጅ ናት። ነገ ባል ሲመጣላት በሽተኛ ናት እንዲሏት ነው?» ዓይንም ትፈራለች። እናቴን አልወቅሳትም፤ እኔም ተስማምቻለሁ። በየቀኑ መስኮት ዘግተን እንወጋታለን። ትንሿ «ዛሬ ጭን ነው፣ ትናንት ሆዴ ነበር» ብላ ቦታውን ራሷ ትመርጣለች። ማንም እንዳይሰማ በሹክሹክታ።

የድሬ ሰፈር ግን ምስጢር አይችልም። በር ክፍት ነው። ልጅ የደረሰበት ቤት ይበላል፣ እንቅልፍ ከያዘው እዚያው ይተኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ መርፌዋን ወስዳ ቁርሷን ነካ ነካ አድርጋ ወጣች። ከልጆች ጋር ስትሮጥ ቆይታ ጎረቤታችን ቤት ገባች። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው። ዝም ስትልባቸው ደክሟት ነው ብለው ምንጣፍ ላይ አስተኟት፤ ነጠላም ደረቡላት።

ልጠራት ስሄድ ግንባሯን ነካሁ። ቀዝቃዛ ላብ። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አደረገች፤ ግን የምትለው አይገባም። ሮጬ መለኪያውን አመጣሁ፤ 41። ከ70 በታች አደጋ ነው ተብለናል። መዋጥ ስለቻለች አዴ ስኳር በውኃ በጠበጡ፣ እኔ በማንኪያ ቀስ እያልኩ ሰጠኋት። ከ15 ደቂቃ በኋላ 78 ሆነ። ተነስታ ሳምቡሳ ጠየቀች።

አዴ ማንኪያውን እንደያዙ አዩኝ። «ለእኔ? ለእኔ ነው ያልነገራችሁት?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ባትነቃስ? ያስተኟት በፍቅር ነው። እኛ ግን ምን እንደሆነች ሳንነግራቸው ልጃችንን እጃቸው ላይ ጥለናል። መደበቅ ልጅን አይጠብቅም የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

በማግስቱ ቡናውን ያፈላችው እናቴ ራሷ ናት። ጎረቤቶቹን ጠርታ ነገረቻቸው። አንዲት አሮጊት ስኒያቸውን አስቀመጡና «የወንድሜ ልጅም ውኃ ውኃ እያለ ነው ያለቀው፤ እኛ ዓይን ነው ብለን ነበር» አሉ። እናቴ እጃቸውን ያዘች።

ከዚያ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ፤ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚያመላልሳት የባጃጅ ሹፌር ጋም እንዲሁ። ባለሱቁ ደነገጠና ጭራሽ ምንም አልሸጥላትም አለ። ተመልሼ ማስረዳት ነበረብኝ። ስኳር ያለባትን ልጅ ስኳር እንዴት ያድናታል? እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኢንሱሊኑ ስኳሩን ያወርደዋል። ሳትበላ ከቆየች ወይም ብዙ ከሮጠች ግን ከሚገባው በላይ ይወርዳል። ስለዚህ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አጻፍንና በየቤቱ ሰጠን፦ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ድንገት ዝም ካለች ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧት፤ ደውሉልን። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ሆስፒታል ሩጡ።

ያላሰብነውም መጣ። ኢንሱሊን የድሬን ሙቀት አይችልም፤ በረዶ ከሆነም አይረባም። መብራት ሲጠፋ ሁለት ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገን፣ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልተን እናስቀምጠው ነበር። አሁን ማዶ መብራት ካለ መድኃኒቷ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። «ዛሬ የኛ ተራ ነው» ብለው ራሳቸው ይመጣሉ።

ክሊኒኮቻችን ላይም አንድ ነገር አለኝ። ድሬ ወባና ዴንጊ የሚመላለሱባት ከተማ ናት፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ስንቱን አልጋ ላይ እንደጣለ እናስታውሳለን። ስለዚህ የታመመ ልጅ ሲመጣ ባለሙያው ወደዚያ ቢያስብ አይገርመኝም። ግን ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሽንት የሚያመላልሰውና የከሳ ልጅ ሲመጣ ጣቱን ወጋ አድርጎ ስኳሩን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እነዚህን ምልክቶች ለእናቶች ቢነግሩ ምን ይከብዳል?

ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ዘንድሮ ልጄን ልናስመዘግብ የሄድንበት አንድ ቦታ «ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ መልሶናል። በዚህ ምክንያት ሕመሙን ደብቀው የሚያስመዘግቡ ወላጆች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም፤ የሚፈረድበት በሩን የዘጋው ነው። ሁለተኛው ቦታ ያገኘናት አስተማሪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ስኳር የሞላ ትንሽ ብልቃጥና የሻይ ማንኪያ አስቀመጠች። ከዚያ ሌላ የጠየቅናት ነገር የለም።