ሶሻል ወርክ ማስተርስ፦ ከፍሎ በነፃ መሥራት

አሜሪካ ውስጥ ሶሻል ወርክ ማስተርስ ለመማር የምታስቡ ወገኖች፣ ይህ የክፍያ ነገር በጣም ያንገበግባል፤ ሳትመዘገቡ ብታውቁት ይሻላል።

ሙሉ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። አንዱ ክሬዲት 900 ዶላር ቢሆን 54,000 ዶላር መጣ ማለት ነው፤ የቤት ኪራይና የልጆች ዴይኬር ሳይነካ። ከሁሉ የሚያመው ግን ፊልድ ፕሌስመንት፣ ማለትም ተማሪው አንድ ድርጅት ተመድቦ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ነው። ለፕሮግራሞቹ እውቅና የሚሰጠው ሲኤስደብሊውኢ ቢያንስ 900 ሰዓት የተግባር ሥራ ያስገድዳል። በሳምንት 16 ሰዓት ብትሠሩ ከ56 ሳምንት በላይ ነው፤ ሁለቱን የትምህርት ዓመት ይበላል። አብዛኛው ቦታ ደግሞ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ይባስ ብሎ ሰዓቱ በክሬዲት ስለሚቆጠር ከፋዩ ተማሪው ነው። ፊልዱ 12 ክሬዲት ቢይዝ በዚያው ሂሳብ 10,800 ዶላር! ተማሪው ባለጉዳይ ይመዘግባል፣ የኬዝ ኖት ይጽፋል፣ በገዛ መኪናው ቤት ለቤት ይዞራል። ድርጅቱ ጉልበት ያገኛል፣ ትምህርት ቤቱ ክፍያውን ይሰበስባል፣ ተማሪው ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። ይህ ግፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ተማሪ የሚመደብባቸው ድርጅቶች የሚሠሩት ቀን ቀን ስለሆነ የቀን ሥራ ያለው ሰው ወደ ሌሊት ሺፍት ይገፋል። ነርሲንግ ሆም አድሮ የመጣ ሰው ጠዋት ልጇን የተነጠቀች እናት ፊት ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ይጠበቅበታል።

ወደ ሎኑ እንምጣ። በ2025 የወጣው ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስን፣ ማለትም የማስተርስ ተማሪ የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ሊበደርበት ይችል የነበረውን የፌዴራል ብድር፣ አስቀርቷል። የቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። «ፕሮፌሽናል» ለተባሉት ዘርፎች ግን በዓመት 50,000 ተፈቅዷል። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ዝርዝር ሕክምና፣ ሕግ፣ ፋርማሲ፣ ነገረ መለኮት ሳይቀር አለ፤ ላይሰንስ የሚጠየቅበት ሶሻል ወርክ የለም። ከላይ ባልነው ዋጋ የአንድ ዓመት ትምህርት 27,000 ነው። 6,500 ዶላር ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ አዲሱ ሕግ ፓርት ታይም ለሚማር የብድሩን ጣሪያ በክሬዲቱ ልክ ይቀንሰዋል። እየሠራ የሚማረው ነው የተቀጣው። ወለዱም ምረቃን አይጠብቅም፣ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በ2025-26 በነበረው 7.94 ፐርሰንት፣ 20,500 ዶላር በዓመት ከ1,600 በላይ ይወልዳል። አሳይለሙ ገና ያልጸደቀለት ሰው ይህም አይደርሰውም፤ የፌዴራል ብድር ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትና መሰሉ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ጉድለቱን በግል ባንክ ብድር ልሙላ የምትሉ፣ በደንብ አስቡበት። መንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ሙሉ ጊዜ እየሠራችሁ 120 ክፍያ ስትጨርሱ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዘው፣ ፒኤስኤልኤፍ የሚባለው፣ ለፌዴራል ዳይሬክት ሎን ብቻ ነው። የባንኩ ዕዳ እስከ መጨረሻው ከእናንተ ጋር ነው። የአሠሪ ማረጋገጫ ፎርሙንም በየዓመቱና ሥራ በቀየራችሁ ቁጥር አስፈርሙ፤ ዓመታት ቆይቶ የድሮ አሠሪን ፍለጋ መዞር ትልቅ ጣጣ ነው።

አገር ቤት በሶሻል ወርክ ባችለር የያዛችሁ፣ ተራ የዲግሪ ግምገማ አይበቃም። ሲኤስደብሊውኢ ራሱ የውጭ ዲግሪ የሚገመግምበት አገልግሎት አለው። እሱ ካጸደቀላችሁ አድቫንስድ ስታንዲንግ፣ ማለትም በባችለር የተማራችሁት ተቆጥሮላችሁ በአጭሩ ፕሮግራም መግባት፣ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ትምህርቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ያጥራል፣ ወጪውም ብዙ ይቀንሳል። ሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ደግሞ ታይትል ፎር-ኢ ስታይፔንድ (በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የተማሪ ድጎማ) ትምህርት ቤቱ እንዳለው ይጠይቅ። ውሉን ግን አንብቡት፤ ተመርቃችሁ የምታገለግሉበት ጊዜ አለው፣ ካቋረጣችሁ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ።

ዲፖዚት ሳትከፍሉ የትምህርት ቤቱን የፊልድ ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ፦ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለፊልድ ይቆጠርልኛል ወይ? ደመወዝ እየተከፈለኝስ? ማታና ቅዳሜ የሚሠራ ቦታ አላችሁ ወይ? ሲኤስደብሊውኢ በሥራ ቦታ ፊልድ መሥራትን አይከለክልም፤ የሚከለክል ትምህርት ቤት ካለ የራሱ ውሳኔ ነው። «ስትጀምሩ እናየዋለን» ካሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጧቸው።